ቀሚሱ አይዋሽም

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። እናትየዋ ይህን ተረት ስታነሳ የሁለቱን ልጆቿን መልክ ማለቷ ነበር። ታላቅየዋ እንደ መርፌዋ ቀጭን፤ ታናሽየዋ ሚጣ ደግሞ ጉንጯም ሳቋም ሙሉ።

ታላቅየዋ መንገድ ዳር ባለችው ክፍላቸው ልብስ ትሰፋለች። ሙሽራው መጀመሪያ ወደዚህ ቤት የመጣው ሱሪ ሊያሳጥር ነው። ለአንድ ሱሪ ሦስቴ ሲመላለስ እናትየዋ፣ «ይሄ ልጅ ቁምጣ ሊያደርገው ነው እንዴ?» ብላ ስቃለች። በሦስተኛው በሩን የከፈተችለት ሚጣ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሱሪ ይዞ መጥቶ አያውቅም፤ ሚጣን ብሎ ሽማግሌ ላከ እንጂ።

«የሠርግሽን ቀሚስ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው» አለች ታላቅየዋ። እናትየዋ አገላብጣ ሳመቻት።

ሚጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለካው ዚፑ ወገቧ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ልክሽን ስወስድ እንዲህ አልነበርሽም፤ ጨምረሻል» አለች ታላቅየዋ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ። «አይዞሽ፣ ትቀንሻለሽ።»

ሚጣ ከምግብ ተጣላች። ሙሽራው «እኔ የወደድኩሽ እንዲሁ እንዳለሽ ነው» ቢላት፣ «ወንድ ከሠርግ በፊት የማይለው የለም» አለችው። እናትየዋ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደቻት።

ነርሷ መዘነቻትና ተቆጣች። «በጣም ቀንሰሻል እኮ! መቀነሱ ባልከፋ፤ ግን እንቁላሉ፣ ምስሩ፣ ወተቱ፣ ቅጠላ ቅጠሉ አይቅርብሽ። ሰውነት ሲርበው ስብ ብቻ መስሎሻል የሚበላው? ጡንቻም ይበላል። ልብም ጡንቻ ነው።»

ሚጣ ደስ ብሏት ቤት ገብታ ቀሚሱን ለበሰች። ዚፑ ወገቧ ላይ ቆመ።

«የክሊኒክ ሚዛን ስንቱን ሲያታልል ይውላል» አለች ታላቅየዋ። «ቀሚስ አይዋሽም።»

እናትየዋ ግን የነርሷን ቃል ያዘች። እንቁላል ቀቀለች፣ ጎመን ከተፈች። ምስሩ ላይ ደግሞ ማንም አላየኝም ብላ አንዲት ማንኪያ ዘይት ጠብ አደረገች። የልጇ ዓይን ሰርጉዶ ሆዷ አልችል ብሏት ነው።

በሚቀጥለው ልኬት ዚፑ እዚያው ቆመ። ሚጣ አለቀሰች።

ታላቅየዋ ቀሚሱን በክንዷ ላይ እያጠፈች ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ በሞቴ እውነቱን ንገሪያት። ምስሩ ውስጥ ምን ትጨምሪበታለሽ?»

«አንዲት ማንኪያ ዘይት ናት! አንዲት!»

ሚጣ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «እናት ነሽ ምቀኛ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእናቷ እጅ አልቀመሰችም። ዱባም ቢሆን፣ ወተትም ቢሆን፣ ሳህኑን ወደዚያ ትገፋለች። በውሃና በኪያር ዋለች። ፀጉሯ ከማበጠሪያው ጋር ይመጣል። የቤት ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ ይዛ ነው የምትሄደው።

«አያችሁ፣ ይሄ እኮ ሰፍቶኛል!» አለች አንድ ቀን ተስፋ አድርጋ።

«አሮጌ ልብስ ይላላል፣ የኔ እህት» አለቻት ታላቅየዋ።

ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። እናትየዋ አንገቷን በበሩ አስግጋ፣ «አሁንም አላለቀም?» ትላለች።

«ስፌቱን እያጠበቅኩ ነው እማዬ። በሠርጓ ቀን ተተርትሮ ያዋርደኝ?»

«እጅሽ ይባረክ። አንቺም ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር።»

ሠርጉ በደረሰበት ሳምንት ሚጣ የተከራዩትን ወንበሮች ስትደረድር ደከመኝ ብላ አንዱ ላይ ተቀመጠች። ጠሯት። ወንበሩ ላይ እንዳለች ቀረች።

እናትየዋ ደረቷን ደቃች። «ያቺ ማንኪያ! ያቺን ማንኪያ ባላነሳ ከእጄ ትበላ ነበር! ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ!» ጎረቤት ያዛት፣ አልያዝ አለች።

«በቀሚሷ ነው የምትሄደው» አለች እናትየዋ በመጨረሻ።

«ተይው እማዬ» ታላቅየዋ መንገድ ዘጋች። «የሠርግ ነው፤ ሌላ እናልብሳት። ተይ ብዬሻለሁ!»

«ዞር በይ! ሳትለብሰው ልትቀር ነው?»

እናትየዋ ቀሚሱን ከመስቀያው አወረደች። አጥንቷ የሚቆጠረውን ልጇን ቀና አድርጋ አለበሰቻት፣ ዚፑንም ወደ ላይ ሳበችው።

ወገቧ ላይ ደርሶ ቆመ።