የላቀው ግራ እጅ

አገርነሽ መርፌ የሌለውን ስሪንጅ ለብ ባለ የጨው ውሃ ሞልታ፣ በባሏ በላቀው ጥርሶች መሃል እየረጨች ድዱን ታጥብለት ጀመር። ጸሎት ቤታቸው በታሸገ ሰሞን ታስሮ፣ መፈክር አላሰማም በማለቱ በሰደፍ የተመታ አፍ ነው። ሳህኑ ላይ የሚተፋው ውሃ ዛሬም ቀይ ነበር።

የአብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን እንዳነገተ በራፉ ላይ ቆመ። የጎረቤት ልጅ ስለሆነ አንቱታውን አልተወም።

«ጋሽ ላቀው፣ የጫሞ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ሳይቀሩ ለስብሰባው አዳራሽ ገብተዋል። ዛሬስ ግራ እጅዎን ጨብጠው መፈክሩን ይላሉ፣ አይደል?»

ላቀው አፉ ውሃ እንደሞላ ግራ እጁን ቀስ አድርጎ አነሳ። የጠባቂው ፊት ፈካ። አገርነሽ ግን፣ ይሄን ሁሉ ቀን ያጠብኩት ለዚህ ኖሯል አለች በልቧ።

እጁ አልተጨበጠም። መዳፉን ዘርግቶ «ቆይ» የሚል ምልክት ሰጠውና ውሃውን ተጉመጥምጦ ተፋ።

«መፈክሩን ሌላ አፍ ፈልጉለት» አለ። «ይሄ የሚታጠበው ለመዝሙር ነው።»

ጠባቂው የጠመንጃውን ማንገቻ ጨበጠ። አገርነሽ ዞር ብላም አላየችው። ስሪንጁን እንደገና ሞላች።

«ክፈት» አለችው ባሏን፤ «የታችኛው ይቀራል።»