የቅዳሜ ጠበል

ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ተራራ ሲወጡ ወድቀው ቀኝ ጉልበታቸው ብረት ገብቶበታል። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ዳገት የሚባል ነገር እርምዎ ነው» ሲላቸው፣ ልጃቸው ትርሲት የተራራ ጫማቸውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችው።

እሳቸው ግን ሰባ ሦስት ዓመት ዝም ብለው አልኖሩም። «ጉልበቴን የምታድነው ተራራው አናት ላይ ያለችው ማርያም ናት። በየቅዳሜው ጠበሏን እጠመቃለሁ፤ በእግር ካልተወጣ ደግሞ አይሠራም» አሉ። ጠበል የሚከለክል ማን ወንድ ነው? ጫማው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እያነከሱም እያፏጩም ይወጣሉ።

አንድ ቅዳሜ ትርሲት አንጀቷ አልችል ብሎ በመኪና ተከተለቻቸው። አባቷ ላብ በላብ ሆነው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ሲማጸኑ ደረሰች። አብራቸው ልትጸልይ ከኋላቸው ጠጋ አለች።

«አደራሽን እመቤቴ፣ ይቺን ጉልበት እንዳታድኚያት! ከዳነችማ ምን ብዬ እወጣለሁ?»