አኳራጅ የጠጣ ስኳር

“ላይ ላዩን አይደለም፣ እስከ ታች አማስዪው” ይላታል አባቷ፣ ቀለም ማቅጠኛውን አኳራጅ ከጣሳ ወደ ስኳሩ በርሜል እያንቆረቆረ።

ኦርፋ በተሰበረ የድንኳን ካስማ ታማስላለች። ስኳሩ አኳራጁን እየጠጣ እንደ ረጠበ አሸዋ ይከብዳል። ሽታው አፍንጫዋን አልፎ ጉሮሮዋ ላይ ይቀመጣል።

ትናንት አንደኛው በሬ እንደወደቀ ሳይነሳ ቀረ። ከፊታቸው ያለውን ዳገት በቀሩት በሬዎች ለመውጣት ሠረገላው መቅለል አለበት፤ እስከዚህ ድረስ ለኦርፋም ይገባታል። ሲነሱ ከሚበሉት በላይ የጫነው አባቷ አሳሄል ነው። አሁን የብረት ምድጃው፣ ስኳሩ፣ ሁለት ከረጢት ዱቄትና ሙቀት ያበላሸው የአሳማ ሥጋ ከፕላት ወንዝ ዳር፣ መንገዱ ላይ ወርደዋል።

“ለምን እንዲሁ አንተወውም?” ትላለች እናቷ ቲርዛ ከሠረገላው ሸራ ሥር፣ ሕፃኑን እያጠባች። “ከኋላ ሰው አለ። ያቺ ባሏን የቀበረችው ዶርቃ እንኳ አለች።”

“እኔስ እሷን ብዬ አይደል?” ይላል አሳሄል። “ባዶ ጋሪ እየገፋች፣ የሰው ፍርፋሪ እየለቀመች ኦሪገን ልትገባ! ከሚዙሪ እዚህ ድረስ የጎተተው የኔ በሬ፣ የሞተው የኔ በሬ፣ የሚበላው ሌላ። አይሆንም።”

ቲርዛ ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ጡቷ ታዛውራለች።

“ዱቄቱንም ድገሚው” ይላታል አባቷ። ጣሳውን አቀብሏት በሬዎቹን ሊጠምድ ከሠረገላው ወዲያ ይዞራል። “ሁለቱንም። እስክጠምድ ጨርሰሽ ጠብቂኝ።”

አንደኛውን ከረጢት ከፍታ ታፈስበታለች። ዱቄቱ ቢጫ እየሆነ ይጓጉላል። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ግን እጇ አልታዘዝ ይላታል። ዙሪያውን ትቃኛለች። አገሩ ሜዳ ነው፤ ከረጢት የሚደብቅ አንድ ቁጥቋጦ የለበትም። ያለው የሥጋው ክምር ብቻ ነው። አባቷ እሱን ያወረደው አፍንጫውን በመሐረብ አስሮ፣ በአካፋ እየገፋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አጠገቡ አልደረሰም።

ከረጢቱን በቁራጭ የዝናብ ሸራ ትጠቀልልና ትንበረከካለች። ሥጋው አረንጓዴ ሆኗል፣ ስቡ ይዝለገለጋል፣ ትሉ እንደሚፈላ ሩዝ ይርመሰመሳል። እጆቿን ትከታለች። ውስጡ ይሞቃል፤ ይሄን አላሰበችም። ትሎቹ በጣቶቿ መሃል ይሹለከለካሉ፤ አንዱ በእጅጌዋ ወደ ላይ ይወጣል። ጥርሷን ነክሳ ጎድጓዳ ታበጅለታለች፣ ጥቅሉን ታስገባለች፣ ሥጋውን እየጎተተች ትከድነዋለች። የተረፈውን አኳራጅ መሬት ላይ ደፍታ፣ እጇን ልትታጠብ ወደ ወንዙ ትሮጣለች።

“ሌላኛውስ?” ይላል አባቷ ሲመለስ።

“ውሃ ውስጥ ጣልኩት።”

“ጎበዝ።”

ይሄኔ ዶርቃ የእጅ ጋሪዋን እየገፋች ትደርሳለች። ጋሪው ላይ ከንፈሯ የተሰነጣጠቀ ትንሽ ልጅ ተቀምጣለች።

“ጌታዬ፣ የሚጣል ነው?”

“ውሰጂ፣ እሜቴ። ስኳር እኮ ነው” ይላል አሳሄል ፈገግ ብሎ። “ልጅቱን አቅምሻት።”

ልጅቱ እናቷን አትጠብቅም። ከጋሪው ወርዳ እጇን በርሜሉ ውስጥ ከትታ አፏን ትሞላለች። ወዲያው ፊቷ ይጨማደዳል፤ ሆዷን ይዛ ታስመልሳለች። የሚወጣት ግን ውሃ ብቻ ነው። ዶርቃ የልጇን ምላስ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች።

“ኧረ! የሆነ ነገር ፈሶበት ኖሯል” ይላል አሳሄል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳቅ እንዳመለጠው ሰው፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ኦርፋ በግልጽ ብትናገር አባቷ ከረጢቱን አውጥቶ ያበላሸዋል።

“ሥጋውን ይውሰዱ፣ እትዬ” ትላለች። “ከሥር ከሥሩ ጥሩ ነው። እስከ ታች ይቆፍሩት።”

አሳሄል አሁን ድምፁን አውጥቶ ይስቃል። “ሰማሽ፣ ቲርዛ? አፏን ሰማሽልኝ? ቁርጥ እኔን!” እጁን ትከሻዋ ላይ ያሳርፋል። ለሳምንታት አልነካትም ነበር። እጁ ከባድና ሞቃት ነው፣ አኳራጅ አኳራጅ ይሸታል። ከትሉ ያልሸሸ ሰውነቷ ከዚህ እጅ ሥር መሸሽ ያምረዋል።

ዶርቃ ቀና ብላ ታያታለች። ቁጣ የለባትም፤ ጫማዋ ላይ የተለጠፈ ፋንድያ እንደምታይ ነው የምታያት።

“እንዲህ አድርገው ያሳድጋሉ” ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን። ልጇን አቅፋ ወደ ጋሪዋ ትመለሳለች።

“ዛሬ በእግርሽ አትሄጂም፤ ተቀመጪ” ይላል አባቷ፤ ብድግ አድርጎ ከሠረገላው ኋላ ያስቀምጣታል። ጅራፉ ይጮሃል፣ መንኮራኩሮቹ ይንቀሳቀሳሉ። አባቷ ከፊታቸው ለሚጓዘው ሠረገላ ሰዎች ሲያወራ ይሰማታል፤ “እስከ ታች ይቆፍሩት አላለቻትም መሰላችሁ!” እነሱም ይስቃሉ።

ኦርፋ እግሮቿን አንጠልጥላ ወደ ኋላ ታያለች። ሴትዮዋ ጋሪዋን ትይዛለች፣ ትለቃለች። ወደ ክምሩ ትሄድና ትቆማለች። ሳቅ ወደሚሰማበት፣ እየራቀ ወዳለው ሠረገላ አንድ ጊዜ ትዞራለች። ከዚያ እጅጌዋን ትሰበስብና፣ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ፣ ክንዷን ትከታለች።

እስከ ክርኗ ትገባለች። ድንገት ክንዷ መንቀሳቀሱን ያቆማል።