ድንበሩ ሳይዘጋ

መሥሪያ ቤቱ «ጠንቋይዋ» ይላታል። ወረርሽኝ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በቀመር የምትተነብይ የሒሳብ ባለሙያ ናት። ጠንቋይ ሲስት ይሳቅበታል፤ እሷ ከሳተች ግን ሰው ይቀበራል።

ሰሞኑን ጎረቤት ሀገር አዲስ የሳንባ በሽታ ተገኝቷል። ጠዋት ጠዋት የየሀገሩ የታማሚ ቁጥር ይመጣላታል። ሰንጠረዡን ትሞላለች፤ በአውቶቡስና በአውሮፕላን የሚመላለሰውን ሰው ትጨምርበታለች፤ የቀረውን ኮምፒውተሩ ይነግራታል። የራሷ ሀገር ረድፍ ባዶ ነበር። የበሽታው መመርመሪያ ገና ከወደብ ስላልወጣ የተመረመረ ሰው የለም። ፕሮግራሙ ደግሞ ባዶ ቦታ ካየ አልሠራም ብሎ ድርቅ ይላል። እንደ ልማዷ ዜሮ ሞላችና አለፈች።

ውጤቱ ቀይ ቀስት ሆኖ ወጣ፤ ከጎረቤት ወደ እነሱ።

«በቃ፣ ነገ ጠዋት ድንበሩ ይዘጋል» አሉ አለቃዋ። ንግግራቸውን ሳል አቋረጠው። ሰሞኑን የቢሮው አቧራ ማንንም አልማረም።

እሷ ክው አለች። ታናሽ እህቷ ማዶ ናት፤ ያውም ነፍሰ ጡር። ይሄ በሽታ ደግሞ ለእርጉዝ አይራራም።

ወዲያው ደወለች። «ዛሬውኑ ተነሺ!»

«ኧረ እታለም፣ እኔ ደህና ነኝ። ሆስፒታሉ ደጃፌ ነው። ሰፈር ውስጥም የታመመ ሰው አላየሁ።»

«የሚመጣውን አንቺ ነሽ ወይስ እኔ የማውቀው? እማዬ አንቺን ለማን ነው አደራ ብላ የሞተችው? ነይ ብያለሁ!»

እህትየዋ አለቀሰች። ግን የታላቅ ቃል ነውና ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀመረች።

አለቃዋ ሰምተው ኖሮ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምነው ልጄ? ለሰው የዘጋሽውን በር ለእህትሽ ልትከፍቺ? በሽታውን በገዛ እጅሽ ጎትተሽ ልታስገቢብን?»

«እና ትሙት ጋሼ? ሥጋዬ እኮ ናት!»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። የእሳቸውም አንጀት ከድንጋይ አልተሠራም። «እንግዲያው ማዶ ያሉት ነርሶች ሳይመረምሯት እንዳትሻገር። ከያዛት እዚያው ትቅር።»

መኪናዋን አስነስታ ከነፈች። ድንበሩ ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ይተራመሳል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ። ድልድዩን በእግሯ ተሻገረችና ማዶ ከተተከለው የምርመራ ድንኳን ደረሰች። እህቷ በአንድ እጇ ሆዷን፣ በሌላው ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች።

«ኧረ አትንኪያት!» ብሎ ከኋላ አንድ ሾፌር ጮኸ። ማን ሰምቶት? አገላብጣ ሳመቻት።

«ምነው ፊትሽ ጋለ?» አለች እህቷ።

«በድንጋጤ ነዋ! አንቺ ልትገድይኝ ነው እኮ።»

ደንቡ አይቀርምና ከሁለቱም አፍንጫ ናሙና ተወሰደ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ጠበቁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እየመጣባት፣ ታላቅየዋ የእህቷን እጅ አጥብቃ ያዘች። ብትያዝስ? ጥላት ልትመለስ? ሞቼ ነው ቆሜ፣ አለች በልቧ።

ነርሷ ብቅ አለች። እርጉዟን ክንዷን ይዛ አስነሳቻትና ራቅ አድርጋ አቆመቻት።

«በፈጠረሽ፣ እንዳትለያዪን!» ታላቅየዋ የነርሷ ጉልበት ላይ ወደቀች። «እህቴ ናት፣ እኔ አስታምማታለሁ!»

«እሷማ ምንም የለባትም» አለች ነርሷ፣ ጭምብሏን እያጠበቀች፤ «በሽታው ያለው አንቺ ላይ ነው፤ ከእናንተ በኩል እንደሚመጣው ሰው ሁሉ።»