የተመለሰው ቅጽ

ጎርፉ መንደሩን ጠራርጎ ከወሰደው አራተኛ ወሩ ነበር። በመጠለያው ተሰልፎ የቆየው ሰውዬ ተራው ሲደርስ፣ የጠፉ ሰዎችን በስልኳ የምትመዘግበው ልጅ የሚፈልገውን ሰው ስም ጠየቀችው።

«ውድነሽ ካሳዬ። ባለቤቴ ናት» አላት። እንባው ከደረቀ ሰንብቷል፤ ስሟን የጠራው እንደ ማንም ሰው ስም ነው።

ልጅቷ የእሱንም ስም ጠይቃ በቅጹ የፈላጊ ቦታ ላይ ሞልታ «ላክ» የሚለውን ነካች። ሰርቨሩ ወዲያው ቅጹን መለሰው።

«አልቀበልም አለኝ፣ ጋሼ» አለች ግራ ተጋብታ። «እርስዎ የሟቾች መዝገብ ውስጥ ነዎት።»

«እሱስ ልክ ሳይሆን አይቀርም» አለ ሰውየው በደረቁ። «ማን ነው ያስመዘገበኝ?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አነበበች።

«ወይዘሮ ውድነሽ ካሳዬ፤ ባለፈው ሐሙስ።»