ቁጥሩን ያላነበበው መልማይ

ባለፈው ዓመት መቶ አምስት ጊዜ የተሸነፈው የቤዝቦል ቡድን ለደካማው ቡድን በሚያደላው ደንብ የአገሩን ወጣት ተጫዋቾች ከሁሉ ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ደርሶት ነበር። ማንን እንደሚወስድ የሚመክረው አረጋዊ የተጫዋቾች መልማይ በአላባማ አንድ የትምህርት ቤት ሜዳ አጥር ሥር ቆሟል። ሁሉም ሊያዩት የመጡት ዝነኛ ወጣት ወርዋሪ ኳስ በለቀቀ ቁጥር የሌሎች ቡድኖች መልማዮች የፍጥነት መለኪያቸውን ይደግኑና ወዲያው አንገታቸውን ደፍተው ቁጥሩን ያነባሉ። የእሱ መለኪያ ግን ባትሪው አልቆ ነበር።

«ሽማግሌው፣ መሣሪያህ ቀድሞህ አረፈ እንዴ?» ሲል አንዱ ቀለደበት።

«ለቅሶው ላይ እንዳትቀር!» አለው ሽማግሌው።

ወርዋሪው ወረወረ። ዓይናቸውን ለመሣሪያ ያዋሱት ሁሉ አቀረቀሩ። ስሙን ማንም ያልጠየቀው ቀጭን መቺ ወገቡን አዙሮ ዱላውን ኳሷ ላይ ሲያሳርፍ ያየው ሽማግሌው ብቻ ነበር። ደረቅ ግንድ በመብረቅ ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ ኳሷም ከመብራቱ ምሰሶ፣ ከጥዶቹም ጫፍ በላይ አለፈች። በአርባ ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ነገር አላየም። ሳይታወቀው ባርኔጣውን አወለቀ።

«በሰዓት ዘጠና ስምንት ማይል!» አሉ መልማዮቹ በአንድ አፍ። አንዱ ዘግይቶ ቀና አለና «ኳሷስ የት ወደቀች?» አለው።

ሽማግሌው ቡድኑ እንዲወስደው ብሎ አስቀድሞ በደብተሩ የጻፈውን የወርዋሪውን ስም ሰረዘ።

«ገና አልወደቀችም» አለ።