በነፃ የተጣፈው ሱሪ

"ሰው ሰፈር ስትገባ ዓይንህን ሰበር፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ" ይሉት ነበር አባቱ...

እሱ ግን ያን ቀን ሱሪውን አውልቆ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ ሳቁን እያፈነ ተቀምጧል።

ሠዓሊ ነው። ጓደኞቹ "ፂሞ" ይሉታል።

ከአራት ሠዓሊ ጓደኞቹ ጋር ባረጀ ሰፈር ውስጥ መጋዘን በርካሽ ተከራይተው ገብተዋል... እውነተኛ ኑሮ ያለው እዚህ ነው ብለው።

ሱሪው እንግዲህ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ጉልበቱ ላይ ተቀዶ የወጣ ነው። ከደህናው ሱሪ ይወደዳል።

ጋሼ ልብስ ሰፊው ይህን ከየት ይወቁ?

"ና እስቲ ልጄ... ጉልበትህን ብርድ ሊጨርሰው ነው" ብለው ከመንገድ ጠሩት።

ጥፈው፣ ተኩሰው ሰጡት። ሂሳብ ሲላቸው "ሥራ ስታገኝ" አሉት።

ይህን ለጓደኞቹ ሲያወራላቸው መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ።

ፂሞ ሳያስፈቅድ ያነሳቸውን ፎቶ "የሰፈራችን ነፍስ" ብሎ ለቀቀው... ፎቶው አገር አዳረሰ።

በሳምንቱ ሱሪው ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ወጣት ሁሉ በጋሼ በር ተሰልፎ ፎቶ ይነሳ ጀመር። እሳቸውም የዘንድሮ ልጅ ምን ያህል ቢቸግረው ነው እያሉ፣ ለሁሉም እየጸለዩ ይጠግናሉ።

ከዚያ ካፌ መጣ... ሌላ ካፌ መጣ... ኪራዩ ሰማይ ነካ።

የጋሼን ሱቅም የእነ ፂሞን መጋዘንም የሚያከራየው ሰውዬ አንድ ነው፤ ጋሼን በወር ውስጥ ሱቁን ልቀቁ አላቸው።

አንድ ቀን ጋሼ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጋዘኑ በር ላይ ቆሙ። አከራዩ ያከብርሃል፣ ዩኒፎርም የምሰፋበት ወቅት እስኪያልፍ ብቻ ይታገሠኝ፣ አንዲት ቃል ተናገርልኝ አሉት ፂሞን። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት በዚያች ወቅት ሥራ ነው።

"ነገ አነጋግረዋለሁ ጋሼ" አለ።

በማግሥቱ ኤግዚቢሽን ነበረው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ... እውነቱን እንነጋገር፣ ፈራ። አከራዩ የእነሱም መጋዘን ትዝ ቢለውስ ብሎ ፈራ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የጋሼ ሱቅ ተዘግቶ ተገኘ።

ብዙም ሳይቆይ ሱቁም ካፌ ሆነ። ያ ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶ ተሰቀለ።

በምርቃቱ ቀን ፂሞና ጓደኞቹ የክብር እንግዶች ነበሩ። አከራዩ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠና እየሳቀ እንዲህ አላቸው፦

"እናንተ ግን ለዚያ ሽማግሌ ምኑ ናችሁ? መጋዘኑ ላይ ኪራይ ልጨምር ስል እግሬ ላይ ወድቆ ለመነኝ እኮ። 'እኔን አስወጣኝ፣ እነዚያን ልጆች ግን አትንካብኝ... የሚለብሱት እንኳ የላቸውም' አለኝ። እኔም ተውኳችሁ።"



ፂሞ የሚገባበት ጠፋው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እሱ አንዲት ቃል ሲሰስትባቸው፣ እሳቸው ለእሱ ብለው ሰው እግር ላይ ወድቀዋል።

በዚህ መሀል አንዲት ሴት የልጆቿን የዩኒፎርም ጨርቅ በፌስታል ይዛ ገባች። የሱቁ በር ያው ነው፣ ውስጡ ሌላ ነው... ግራ ገባት። አስተናጋጁ ወደ እነ ፂሞ ጠቆማት። መጥታ ጠየቀቻቸው።

የሚመልስ አልተገኘም። ጋሼ ዕቃቸውን ሲጭኑ እንኳ ወጥቶ ያገዘ የለማ።

ወገኖቼ... እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ይችን ግን አውቃለሁ። ለአንዱ ጌጥ የሆነው ቀዳዳ ለሌላው ችግር ነው። የሰው ፎቶ ሰቅሎ ሰውየውን መርሳት ደግሞ ኃጢአት ነው። ዝም ያልንባቸውን ሰዎች ሁሉ እግዚአብሔር ያስብልን፣ እኛንም ይቅር ይበለን።

ከእናንተስ ሰፈር እንዲህ የጠፋ ሰው አለ? ሴትየዋ እነሱን የጠየቀችውን እናንተም ራሳችሁን ጠይቁና ኮሜንት ላይ መልሱልኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነበር ያለቻቸው፦

"ወዳጆቻቸው እናንተ ናችሁ አሉኝ... ጋሼ የት ገቡ?"